የጉም መብራቱ ከፊት መብራቱ ጋር ሲጣላ

በሐምሌና በነሐሴ ማለዳ ከመራዊ ወደ ወተት አባይ የነዳ ሰው ጉም ምን እንደሆነ አይነገረውም። ቆጋ ግድብ ላይ ያደረው እርጥበትና ከግልገል አባይ ሸለቆ የሚነሳው እንፋሎት ተደርበው አስፋልቱን ይጋርዱታል። ዱርቤቴን አልፎ ዳንግላ ላይ ይገለጣል ሲባል ኮሶበር ሲቃረብ ይብሳል። ዘንገና አካባቢማ ከሰል ጭኖ የሚመጣው አይሱዙ መብራቱ የሚታየው አፍንጫ ሥር ሲደርስ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የሚሠራ ሹፌር ስለ ጉም መብራት፣ ጋራዥ ውስጥ ፎግ ላይት ስለምንለው፣ ሲጠይቀኝ ስለ ጌጥ እየጠየቀኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ችግሩ፣ ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጌጥ በኩል ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ የአባዱላ ሹፌር ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሬ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የፊት መብራቶቹን ባሕር ዳር ላይ በኤልኢዲ አስቀይሯል፤ በረዶ የመሰለ ነጭ ይረጫሉ። ከሥራቸው ፓራውልቱ ላይ ያሉት የጉም መብራቶች ግን ከመኪናው ጋር የመጡት ናቸው። ከነጩ አጠገብ ሲታዩ ኩራዝ ይመስላሉ።

«ጋሼ፣ እነዚህንም ነጭ ያድርጉልኝ።»

«ለምን?»

«አይመሳሰሉማ! ረዳቴ ሳይቀር ይስቅብኛል። መኪናዋ ዓይኗን ታማለች ይላል።»

«ጉሙ ላይስ እንዴት ናቸው?»

ትንሽ አሰበና፣ «እውነቱን ልንገርዎት? ትናንት ከኮሶበር ስወርድ ነጩ እንደ ግድግዳ ፊቴ ላይ ቆመብኝ። ፓርኪንግ ላይ አድርጌ በፎጉ ብቻ ነው የመጣሁት» አለ።

መልሱ ከራሱ አፍ ወጣ፤ ጆሮው ግን አልሰማውም። ሊያስጥለኝ ያመጣው መብራት ትናንት እቤቱ ያደረሰው መብራት ነው። የጉሙን መብራት ከፊቱ ጋር ማመሳሰል ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እኔም እመክራለሁ። ነገር ግን ሁለቱ አልስማማ ሲሉ መለወጥ ያለበት የቱ ነው የሚለውን ሳይጠይቁ አምፖል መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ቀለሙን በቁጥር እንያዘው። በአምፖሉ ካርቶን ላይ 3000፣ 4300 ወይም 6000 የሚል ቁጥር አለ፤ መለኪያው ኬልቪን ይባላል። ይህን ቁጥር ለመረዳት ቀጥቃጭ ቤት መግባት ይበቃል። ብረት እሳት ውስጥ ሲቆይ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ወደ ብርቱካንማ ያደላል፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፣ ወናፉ ከበረታ ደግሞ ይነጣል። ኬልቪን የሚቆጥረው ይህንኑ ነው፤ አንድ ነገር ያን ቀለም ለማውጣት ምን ያህል መጋል አለበት የሚለውን። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቀይና ቢጫ ያደላል፣ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ። ሻማ ወደ 1900 ነው። ፋብሪካው የሚገጥመው ተራ ሃሎጅን ወደ 3200 ይጠጋል። ከፋብሪካ የሚመጣ ዜኖን 4300 ገደማ ነው፤ የቀትር ፀሐይ 5500 አካባቢ። ገበያችንን ያጥለቀለቀው ኤልኢዲ ደግሞ 6000ና 6500 ነው። ቢጫ ተብሎ የሚሸጠው የጉም አምፖል ከ2500 እስከ 3000 ባለው ውስጥ ይገኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሻጩም ስህተቱን አያርመውም። 6000 ከ3000 እጥፍ ያበራል ማለት አይደለም። ኬልቪን ቀለም እንጂ ብርታት አይናገርም። የብርሃኑ መጠን የሚለካው በሉመን ነው፣ የሚበላው ኃይል በዋት። አንድ ደህና ባለ 55 ዋት ኤች 11 ሃሎጅን ወደ 1350 ሉመን ይሰጣል። መስታወቱ ሰማያዊ ተቀብቶ «ሱፐር ነጭ» የተባለው ያው አምፖል ከዚያ ያነሰ ብርሃን ነው የሚያወጣው፤ ምክንያቱም ቀለሙ ብርሃን አይጨምርም፣ ከነበረው ላይ ቢጫውን ይውጣል። ገዢው ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ አንዴ በዋጋው፣ አንዴ በጨለማው። ካርቶኑ ላይ ሃያ ሺህ ሉመን የተጻፈበት ኤልኢዲም አይቻለሁ። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን አምፖል ይዘን የመራዊን ኳስ ሜዳ በማታ ማጫወት እንችል ነበር።

ቢጫ ጉም ይሰነጥቃል የሚባለውስ? ይህን ከመምህሬ ተቀብዬ ለብዙ ዓመት ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ አሁን ግን እንዳለ አልደግመውም። ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው ነገር አየር ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ከብርሃን ሞገድ እጅግ ያነሱ በመሆናቸው ሰማያዊውን ከሌላው ቀለም አብልጠው መበተናቸው ነው። የጉም ጠብታ ግን ከብርሃን ሞገድ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ጠብታ ቢጫውንም ነጩንም ከሞላ ጎደል እኩል ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ቢጫ ብርሃን ጉሙን አይሰነጥቅም። ልዩነቱ ያለው ዓይናችን ላይ ነው። ከጉሙ ተመልሶ ፊታችን ላይ የሚፈሰው ብርሃን ውስጥ ሰማያዊው ሲበዛ ዓይን ቶሎ ይደነግዛል፣ ይደክማልም። ሰማያዊው የተቀነሰበት ብርሃን ያንኑ ያህል ቢመለስ እንኳ ያን ያህል አይወጋም። ፈረንሳዮች በ1930ዎቹ አጋማሽ ባወጡት ሕግ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ድረስ የመኪኖቻቸው የፊት መብራት ቢጫ እንዲሆን ያስገድዱ የነበረው የሚመጣውን ሰው ዓይን አይወጋም ብለው ነው። ዛሬ ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ለፊት የጉም መብራት ሁለት ቀለም ብቻ ይፈቅዳል፤ ነጭና ቢጫ። ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ የሚባል የለበትም።

ጉሙን በእውነት የሚያሸንፈው የብርሃኑ ቅርጽ ነው። የጉም መብራት ዝቅ ብሎ የተሰቀለው፣ ብርሃኑ ወደ ጎን ሰፍቶ ከላይ በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው። ከዓይናችን ደረጃ በታች፣ መሬት መሬቱን ይሄዳል፤ ወደ ላይ ስለማይወጣ ከጉሙ ተመልሶ ፊታችን ላይ አይፈስም፤ የአስፋልቱን ጠርዝና ነጩን መስመር ያሳያል። ይህን ቅርጽ ያበላሸ አምፖል ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምር የጉም መብራትነቱ ቀርቷል።

ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው እጅ የሚነካው አምፖሉን ሳይሆን የፊት መብራቱን ሽፋን ነው። የፊት መብራት ሽፋን ዛሬ ፕላስቲክ ነው፤ ከዓመታት ፀሐይ በኋላ ይደበዝዛል፣ ቢጫም ይሆናል። ያኔ ከውስጥ 3200 የሆነው ብርሃን ከውጭ ሲታይ ሌላ ነገር ይመስላል፣ ባለቤቱም ከዚያ ቢጫ ጋር የሚመሳሰል የጉም አምፖል ይገዛል። ከዚያ አንድ ቀን ሽፋኑን ሲያስወልውል ቀለሙ እንደገና ይለያያል። ስለዚህ መጀመሪያ ወልውሉት። በውኃ እያራሳችሁ ከ1000 ቁጥር ጀምሮ እስከ 2000 በሚለሰልስ ብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ በፖሊሽ ጨርሱት። ነገር ግን ሲታሽ ፀሐይ የሚከላከለው ስስ ቅቡ አብሮ ይነሳል። በላዩ ሌላ መከላከያ ቅብ ካልተደረገለት በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይደበዝዛል፤ ለደንበኛው ይህንንም ንገሩት።

ቀጥሎ የአምፖሉ ዓይነት። ቂጡ ላይ ተጽፏል፤ ካልታየ ከሶኬቱ አጠገብ መብራቱ ጀርባ ላይ አለ። እዚህ በሚመላለሱት ቶዮታዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኤች 11፣ ኤች 16 ወይም ኤችቢ 4 ነው። በኋላ ተገዝተው በተጨመሩ ክብ መብራቶች ላይ ደግሞ ትንሹ ኤች 3 ይበዛል። አንድ ነገር ላይ ልቆይ፤ ብዙ ጥፋት ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ኤች 8፣ ኤች 11ና ኤች 16 የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ቂጣቸው ያው ነው፤ የሚለያቸው ጥርሳቸው ነው። ያ ጥርስ የተቀመጠው አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይገባ ነው፤ ምክንያቱም ኤች 16 ባለ 19 ዋት፣ ኤች 8 ባለ 35፣ ኤች 11 ደግሞ ባለ 55 ዋት ነው። ገበያ ላይ ኤች 16 ሲጠፋ ጥርሱን ሞርዶ ኤች 11ን የሚያስገባ እጅ አለ። መብራቱ ይበራል፤ ደንበኛው «ኧረ እንዴት ያበራል!» ብሎ አመስግኖ ይሄዳል። ለ19 ዋት ተብሎ የተሠራው ትንሽ ፕላስቲክ ቤት ግን ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ታጭቆበታል። በሳምንቱ አንጸባራቂው ይጠቁራል፣ ሽፋኑ ይጎብጣል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል። አንዱን የቀለጠ ቤት ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሞርድ አንሳልኝ ለሚለኝ ሰው እሱን አሳየዋለሁ።

ዋት መጨመርም ከዚህ አይለይም። ባለ 55 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ላይ 4.6 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ሁለቱ 9 ከምናምን። ፋብሪካው ያስቀመጠው ፊውዝ ብዙ ጊዜ 15 ነው፤ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ሁለት ባለ 100 ዋት ስትገጥሙ ከ16 ያልፋል። ፊውዙ ይቃጠላል። ያኔ ፊውዙን በ30 የሚተካ አለ። ከዚያ በኋላ ፊውዙ ገመዱ ነው።

የቮልቱን ነገር ለአይሱዙና ለሲኖትራክ ሹፌሮች መንገር አያስፈልግም ብዬ ነበር። ግን በችኮላ ከሱቅ የመጣ ባለ 12 ቮልት አምፖል በ24 ቮልት መኪና ላይ በበራበት ቅጽበት ብልጭ ብሎ ሲሞት ያየሁት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። ተገላቢጦሹ፣ ባለ 24ቱ በ12 ላይ ሲገጠም፣ እንደ ፍም ቀልቶ ይቀራል። ባለቤቱ ቢጫ አምፖል የገዛ ይመስለዋል!

አሁን ቀለሙን እናመሳስል። ካርቶኑን አትመኑ፤ ሁለት ፋብሪካ 6000 ብለው የጻፉት ሁለት አምፖል ጎን ለጎን ሲበራ አንዱ ወተት፣ አንዱ የተበጠበጠ እንዶድ ይመስላል። የእኔ መለኪያ ነጠላ ነው። ጥለት የሌለበትን ነጭ መሐሉን ግድግዳ ላይ እዘረጋለሁ፣ መሸት ሲል መኪናውን ፊት ለፊቱ አቆማለሁ፣ አጭሩን መብራትና የጉሙን አብሬ አበራለሁ። ሁለቱ ብርሃን ጨርቁ ላይ ሲገናኙ ድንበራቸው ከታየ አልተመሳሰሉም፤ ድንበሩ ከጠፋ ተስማምተዋል። በስልክ ፎቶ ማመሳከር የሚፈልግ ሁለቱን በአንድ ፎቶ ውስጥ ያስገባ። ለየብቻ ከተነሱ ካሜራው እያንዳንዱን በራሱ ጊዜ ነጭ አድርጎ ያሳየዋልና ያታልላል። ሱቅ ውስጥም በባትሪ አስነክታችሁ ስትሞክሩ ካለው አሮጌ አምፖል ጋር ጎን ለጎን ይሁን።

ሁልጊዜ ጥንዱን ቀይሩ። ሃሎጅን እያረጀ ሲሄድ ይደክማል። አንዱ ተቃጥሎ እሱ ብቻ ሲተካ አዲሱና አሮጌው በቀለምም በብርታትም አይተካከሉም። ያወጣችሁትን ደህናውን ጠቅልላችሁ ለመንገድ አስቀምጡት። የሃሎጅንን መስታወት በጣት አትንኩ፤ የጣት ቅባት ሲግል እዚያች ቦታ ላይ መስታወቱን ይጎዳዋል። ተነክቶ ከሆነ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ይጠረግ። አንድ ረዳቴ በዳጊም አረቄ ጠርጎ ሊገጥም ሲል ደርሼበታለሁ። «ጋሼ፣ እሱም ያቃጥላል» ነበር መልሱ።

እንግዲህ የትኛው ቀለም ለየትኛው መኪና? እዚህ ከሚመላለሰው መኪና ብዙው የፊት መብራቱ ፋብሪካ የሰጠው ሃሎጅን ነው። ለእሱ መልሱ አሰልቺ ነው፤ ያልተቀባ፣ ንጹሕ መስታወት ያለው፣ የተጻፈለትን ዋት የያዘ ተራ ሃሎጅን ግጠሙ። ቀለሙ በራሱ ይገጥማል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ፋብሪካ የገጠመው ዜኖን ላለው 4300 የሚጠጋ ኤልኢዲ ፈልጉ፤ በሃሎጅን ካደረጋችሁት ልዩነቱ ይታያል፣ ግን ዓይን አያውክም። ከፋብሪካው ኤልኢዲ ሆኖ የመጣ አዲስ መኪና ደግሞ ሌላ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በባሕር ዳር ጎዳና ላይ እየበዙ ነው። የብዙዎቹ የጉም መብራት አምፖል የሚባል የለውም፤ ሙሉው ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ ሲበላሽም ሙሉው ይቀየራል። ልክፈተው ብላችሁ አትሞክሩ።

የሚያጨቃጭቀው እንደዚያ አባዱላ ያለው ነው፤ የሃሎጅን ቤት ውስጥ 6000 ኤልኢዲ የተከተተበት። የዚያ መብራት አንጸባራቂ የተሰላው ለሃሎጅኑ ቀጭን ክር ነው። ብርሃኑ ከዚያች ነጥብ ከወጣ በትክክል ይቆረጣል። የኤልኢዲው ፍሬዎች ከዚያች ነጥብ ትንሽ ፈቀቅ ካሉ፣ ወይም ከክሩ ከሰፉ፣ ብርሃኑ ወደ ላይ ይረጫል። በጠራ ሌሊት ባለቤቱ ሩቅ ያየ ይመስለዋል፤ የሚከፍለው ከፊት የሚመጣው ሹፌር ነው። ጉም ላይ ግን የሚከፍለው ራሱ ነው፤ ወደ ላይ የተረጨው ሁሉ ከጉሙ ተመልሶ ፊቱ ላይ ይወድቃል። ያ ልጅ «እንደ ግድግዳ ቆመብኝ» ያለው ይህንን ነው። የጉም መብራቱንም 6000 ባደርግለት ሁለተኛ ግድግዳ ሠራሁለት ማለት ነው።

«የድሮዎቹን አምፖሎች ምን አደረግሃቸው?» አልኩት።

«ከወንበሩ ሥር አሉ።»

አወጣንና መለስናቸው። የሽፋኑን ደመና ወለወልንለት። ነጠላው ላይ ስናበራ ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት ብርሃን ወደቀ፤ አንድም አምፖል ሳይገዛ የጠየቀውን ማመሳሰል አገኘ። ኤልኢዲዎቹን «ለበጋ» ብሎ እኔ ዘንድ አስቀመጣቸው።

ሁሉም ሰው ግን እንደሱ እሺ አይልም፤ በገንዘቤ የገዛሁትን አላወጣም የሚል ይመጣል። ለእሱ ሁለት መንገድ አለኝ። አንደኛው የጉሙን ሆን ብሎ ቢጫ ማድረግ ነው፤ 3000 ገደማ። ከነጩ ጋር አይመሳሰልም፤ ነገር ግን ማንም አይቶ ተቃጥሎ ነው ወይም ረስቶት ነው አይልም። ታስቦበት የተደረገ ልዩነት ያምራል፣ ለዓይንም ይመቻል። ጉም ሲመጣም የሚያርፉበት መብራት አላቸው። ሁለተኛው፣ መመሳሰሉ ግድ ከሆነ፣ 5000 ላይ መቆም ነው። ከዚያ በላይ አልሄድም። ጨርሶ የማልቀበለው መሐል ላይ የወደቀውን ነው፤ ነጭ ነው እንዳይሉት የደበዘዘ፣ ቢጫ ነው እንዳይሉት ያልጠና። እሱ ከሁሉም ጋር ተጣልቶ ይኖራል።

ኤልኢዲ የጉም መብራት ውስጥ ስትገጥሙ ሦስት ነገር እዩ። ባይበራ ተቃጥሏል ብላችሁ አትጣሉት፤ ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይለያል፣ ሶኬቱን አዙራችሁ ሰኩት። ፍሬዎቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲያዩ አድርጋችሁ አሽከርክሩት፤ ወደ ላይና ወደ ታች ካዩ ብርሃኑ ቅርጹን ያጣል። ሦስተኛው ጎሚኒው ነው። የጉም መብራት የሚኖረው ጭቃና ጎርፍ በሚመታው ቦታ ነው። የአምፖሉ ቀለበት በትክክል ካልተቀመጠ ውኃ ይገባል፣ ከውስጥ ያላበው መብራት ደግሞ የገዛችሁትን ቀለም ሁሉ ያደበዝዘዋል። የኤልኢዲው ጀርባ ረዝሞ ክዳኑ አልዘጋ ካለ ክዳኑን አትቁረጡ፤ አጠር ያለ ኤልኢዲ ፈልጉ።

ከዚያ ግድግዳው። ሜዳ የሆነ ቦታ ፈልጉ፤ የመራዊ ጋራዦች ወለል ብዙ ጊዜ ያጋድላል፣ እኔ አስፋልት ዳር ያለ የመጋዘን ግድግዳ እጠቀማለሁ። የጎማውን ነፋስ አስተካክሉ። መኪናውን ከግድግዳው 5 ሜትር ላይ አቁሙ። የጉም መብራቱ እምብርት ከመሬት ያለውን ከፍታ ለክታችሁ ግድግዳው ላይ በጠመኔ አስምሩ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከዚያ መስመር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መውደቅ አለበት። መስመሩን ካለፈ ከመብራቱ ኋላ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን አዙሩ። ጠርዝ የሚባል ነገር ጨርሶ ካልታየ፣ ብርሃኑ እንደ ፈሰሰ ሊጥ ከተዘረጋ፣ አምፖሉ ለዚያ ቤት አልተሠራምና ወደ ሱቁ መልሱት። ደረሰኝ ተቀብላችሁ ከሆነ ነው እንግዲህ።

ስለ ኋላው አንድ ቃል። ከአውሮፓ በመጡ መኪኖች ላይ ቀዩ የኋላ የጉም መብራት ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፣ በግራ በኩል። ሌላኛው ተቃጥሏል ብሎ ገመድ የሚያስፈታ ደንበኛ ካጋጠማችሁ ገንዘቡን አትቀበሉት። ጉም ላይ አራቱንም ፍሬቻ እያበሩ መንዳት ደግሞ ልማድ ሆኗል፤ ሐሳቡ ደግ ነው። ግን ወደ ዱርቤቴ መንደር ልትታጠፉ ስትሉ ከኋላ ያለው በምን ይወቅ? ፍሬቻው ለመቆሚያ ይሁን። ረጅሙን መብራትም ጉም ውስጥ አታብሩት፤ አጭሩና የጉሙ አብረው ይበቃሉ።

ጉሙ ሲገለጥ ደግሞ የጉሙን መብራት አጥፉት። በጠራ መንገድ ላይ እግር ሥር የሚያበራ ብርሃን ዓይንን ቅርብ ላይ ያስረዋል፤ ሩቅ ያለችው ባጃጅ ወይም በቅሎ ዘግይታ ትታያለች። ዳንግላ ላይ ፀሐይ ከወጣች ማጥፊያዋ እጃችሁ ሥር ናት፤ ንኳት።